ለአንድ ዘመዴ ነው

የሰፈራችንን ወንዶች የሽንት ነገር ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ጉራ አይደለም፤ አይከል ለሚኖር ሰው ይህን ማወቅ ሙያ አይጠይቅም። ከተማችን ከጎንደር በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት፤ የሌሊት ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። በብዙዎቻችን ግቢ ሽንት ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ጋር የተኳረፈ ይመስል አጥሩ ጥግ ነው። ስለዚህ ሌሊት የመጣበት ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ባትሪውን አብርቶ ይወጣል። ባትሪ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን ከጓሮዬ ማዶ አንድ ባትሪ ይበራል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከታች በኩል ሌላው ይከተላል። ብርሃኑ እየተወዛወዘ አጥሩ ጥግ ይደርስና ይቆማል። ነገሩ ያለው እዚያ አቋቋሙ ላይ ነው። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ባትሪ ሄዶ እስኪመለስ አንድ አባታችን ሆይ አያስጨርስም። የእነዚህኞቹ ግን ቆሞ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና በርቶ፣ ወደ ቤት ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ ዕቃ የረሳ ይመስል ተመልሶ ይቆማል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ያው ባትሪ፣ ያው ጥግ። ውሾቹ በመጀመሪያው ሰሞን ይጮሁ ነበር፤ አሁን ሰልችቷቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩና ይተኛሉ።

"ይህን ሁሉ አንተ ከየት ሆነህ አየኸው?" የሚል ጠያቂ አንባቢ አይጠፋም። ወደ ሌላው ጉዳይ ልለፍ።

ጠዋት የባትሪዎቹ ባለቤቶች መንገድ ላይ እንገናኛለን። "እንዴት አደርህ?" "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደ ድንጋይ ወድቄ አደርሁ።" ዓይኑ ቀልቶ፣ እያዛጋ ነው እንደ ድንጋይ ወድቄ አደርሁ የሚለው። ነገሩ አይሎ መደበቅ ያቃተ ዕለት "ኩላሊቴን ብርድ መታኝ" ይባላል። በእኛ አገር ኩላሊት የማትሸከመው ክስ የለም። ወገቡን ያመመው ኩላሊት ነው፣ ሽንቱ ያቃጠለው ኩላሊት ነው፣ ሌሊት አምስት ጊዜ የተነሳውም ኩላሊት ነው። ለኩላሊት ደግሞ የገብስ ውሃ አለ። ገብሱ ተቀቅሎ ውሃው በትልቅ ጆግ ከመኝታ በፊት ይጠጣል። ሌሊት ሽንት ያስቸገረው ሰው ማታ አንድ ጆግ ውሃ ሲገለብጥ ሌሊቱ እንዴት እንደሚያልፍ ባትሪው ይመስክር። ልጆች ሳለን ጨረቃ ላይ የሸና ጨብጥ ይይዘዋል ይሉን ነበር፤ አንዱ ጎረቤቴ በስድሳ አራት ዓመቱ እስከ ዛሬ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ነው የሚቆመው። የመጣበትን ችግር ከጨረቃ ሸሽጎ ምን እንደሚጠቅመው አላውቅም።

ያቺ ሁልጊዜ የምትወቀሰው ኩላሊት ግን ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ናት። በዚህ ዕድሜ መጠየቅ ያለባት ከሽንት ፊኛ ሥር የተሸጎጠችው ፕሮስቴት የምትባል ዕጢ ናት። በጎልማሳ ወንድ ከትንሽ ሎሚ ታንሳለች፤ ሥራዋም ከወንድ ዘር ጋር አብሮ የሚወጣውን ፈሳሽ ማዋጣት ነው። ሠፈሯ ነው ክፉ። የሽንት ቧንቧው በመካከሏ አልፎ ነው የሚሄደው፤ ዕድሜ ሲገፋ እሷ ትወፍራለች፣ ስትወፍርም ቧንቧውን ታንቃለች። ስድሳ ከደረሱ ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ ሰማንያውን ካለፉት ደግሞ አብዛኞቹ የወፈረች ፕሮስቴት ይዘው ነው የሚዞሩት። ይህ እንደ ሽበት ያለ ነገር ነው እንጂ ካንሰር አይደለም።

ካንሰሩ ሌላ ጠባይ አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቧንቧው ራቅ ብሎ በዕጢዋ የውጭ ክፍል ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ዘመኑ ባትሪ እንኳ አያስበራም። ዝም ብሎ ይቀመጥና አጥንት ላይ ሲደርስ "ወገቤን ቆረጠኝ" ይባላል፤ ወገብ ደግሞ ያው ኩላሊት ነውና ገብስ ይቀቀላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 1.47 ሚሊዮን በሚሆኑ ወንዶች ላይ ተገኝቷል፤ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉትን ደግሞ ገድሏል። እኛ ዘንድ የሚመጣው ብዙው ሰው ዘግይቶ፣ በሽታው ከዕጢዋ ወጥቶ ሌላ ቤት ከሠራ በኋላ ነው። የእኛዋ ጭልጋ ምድር ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ የዝሆን ዘመዶችን አጥንት ሆዷ ውስጥ ደብቃ ኖራ፣ እሷ እንኳ በስተመጨረሻ ለተመራማሪዎች ተናዘዘች፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓለም ሁሉ ሰማው። የጭልጋ ወንድ ግን ከምድሩ ይብሳል።

እንዲህ ሆነን ሳለ ባለፈው ክረምት ወሬ መጣ። ጠላ ቤት ተቀምጠናል። ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ መተማ መንገድ፣ ስለ ድንበር ክርክር አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ ይጮሃል። የጠላ ሻጯ ልጅ፣ ጎንደር የሚማረው፣ ስልኩን እየነካካ ለማንም ሳይሆን ለራሱ የሚያወራ ይመስል "የፕሮስቴት ካንሰርን በሽንት መለየት ተችሏል ይላል" አለ።

ጠላ ቤቱ ጸጥ አለ። ለአፉ ያደረሰውን ጣሳ መልሶ ያስቀመጠ አለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ከጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ጣትስ?" አሉ።

"ምን ጣት?"

"ያ... የሐኪሙ።"

"ጣት የለም ይላል። ሽንት ብቻ።"

ተመስገን ያላለ የለም። አንዱማ ለሁሉም ጠላ አስቀዳ።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ፕሮስቴትን በእጅ ለመዳሰስ ሐኪም ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ጓንት አጥልቆ ጣቱን በኋላ በኩል ይሰዳል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን ያቺን አንድ ደቂቃ ሽሽት ከአይከል ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ለሦስት ዓመት ያልረገጠ ሰው አውቃለሁ። ያው ሰው ጥይት ሲንጣጣ ፎክሮ የወጣ ነው፤ የሽለላው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ምንሽር ያልመለሰውን ጀግና የአንድ ወጣት ሐኪም አመልካች ጣት ከበር ትመልሰዋለች።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ የግቢዬ በር ተንኳኳ። እኔ 35 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በሰፈራችን ሕግ ይህ ከግማሽ ሐኪም ይቆጠራል። የመጣው ሰሊጥ ነጋዴው ጎረቤቴ ነው፤ የሰባት ሰዓቱ ባትሪ። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ ልጆች ትምህርት አወራን። ቡናው አቦል አለፈ፣ ቶና አለፈ፤ በረካው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር" አለ። "ለአንድ ዘመዴ ነው።"

"ዘመድህ ምን ሆነ?"

"መተማ ነው ያለው። በደም ተመርምሮ 6 ወጣበት። ከ4 በላይ ካንሰር ነው ብለውታል ሰዎች። ኑዛዜውን እያሰበ ነው።"

ዘመድየው መተማ ተቀምጦ ኑዛዜውን ሲያስብ አይከል ያለው የነጋዴው ስኒ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አልጠየቅሁም። ነገርሁት። ፒኤስኤ የሚባለው ዕጢዋ ራሷ የምታመርተው ፕሮቲን ነው፤ ጥቂቱ ወደ ደም ያመልጣል። ካንሰር ሲኖር ይጨምራል፤ ዕጢዋ በዕድሜ ስትወፍርም፣ በቁስለት ስትቆጣም ይጨምራል። ቁጥሩ ከፍ ብሎባቸው በመርፌ ናሙና ከተወሰደላቸው አራት ወንዶች በሦስቱ ላይ ካንሰር አይገኝም። ነጋዴ ነውና ሒሳቡ ገባው። "ሦስቱ ነጻ፣ አንዱ ተያዥ" አለና መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። ዘመዱ ብርቱ ሰው መሆን አለበት፤ ላቡ መተማ ሆኖ አይከል ይወርዳል።

በዚህ ነገር የምንስቀው በራሳችን ብቻ መሆን የለበትም። እኛ ባለመመርመር እንዳበድነው ሁሉ አሜሪካኖች በመመርመር አብደው ያውቃሉ። ይህ የደም ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1986 ሕሙማንን ለመከታተል፣ በ1994 ደግሞ በሽታውን ለመፈለግ ተፈቀደላቸው። ከዚያ በኋላ ሃምሳ የሞላው ሁሉ ክንዱን ዘረጋ። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሁሉ በመርፌ ተወጋ፤ አርፎ ቢተው ዕድሜውን ሙሉ ምንም ላያደርገው ይችል በነበረ ትንሽ ካንሰር ምክንያት የተቀደደም ብዙ ነው፤ ከእነሱም ውስጥ ሽንቱን መቋጠር አቅቶት የቀረ አለ። ፕሮቲኑን እኔ ነኝ በ1970 ያገኘሁት የሚለው ሪቻርድ አብሊን ራሱ በ2010 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ወጥቶ የጅምላ ምርመራውን ስሕተት ነው ብሎ ጻፈ። የወለደውን ልጅ በአደባባይ የሚገሥጽ አባት ብርቅ ነው። በ2012 የአገሪቱ የመከላከያ ምርመራ አማካሪዎች "ይቅር" አሉ፤ በ2018 ደግሞ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለው ወንድ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ራሱ ይወስን ብለው አለዘቡት።

የሽንቱ ምርመራ የተፈለገውም በዚሁ ግራ መጋባት መካከል ነው። መርፌ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ሰው ለመለየት፣ ቀላል ዓይነት ካንሰር ተገኝቶበት ሳይቀደድ በክትትል ላይ ያለውንም ባሰበት ወይስ አልባሰበት ለማለት። ጠላ ቤቱ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ዝርዝር ቀርቶ "ጣት የለም" የምትለዋ ብቻ ናት የተሰማችው።

ሁለተኛው እንግዳ የመጣው በምሽት ነው፤ ፎካሪው፣ የዘጠኝ ሰዓቱ ባትሪ። እሱ ወሬ አላበዛም። ከጋቢው ሥር አንድ ሃይላንድ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ቀለሙ የደጋ ብርዝ ይመስላል።

"የዘመዴ ነው" አለ። "የት ልውሰደው?"

ሃይላንዱን በሁለት ጣት ይዤ ወደ በሩ አስጠጋሁት፤ ከዚያ ማስረዳት ጀመርሁ። የእኛ ከተማ ላቦራቶሪ የሚሠራው የሽንት ምርመራ ሌላ ነው። ያቺ ባለ ብዙ ቀለም ቀጭን ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ትነከርና ስኳር፣ ፕሮቲን፣ ደም፣ መግል አለ ወይ ስትባል ቀለሟን እየለወጠች ትመልሳለች። ስለ ካንሰር አትጠየቅም፤ ብትጠየቅም አታውቅም። ሳይንቲስቶቹ የሚፈልጉት ከፕሮስቴት ተፍቀው ከሽንት ጋር የሚወርዱትን ሕዋሳትና የእነሱን የዘር መልእክት ቁርጥራጭ ነው። ፒሲኤ3 የተባለው መልእክት እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ሲሆን፣ በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ከጤነኛው እጅግ በዝቶ ይገኛል ተባለ። በ2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው፤ ያውም ለማንም ሳይሆን አንድ ጊዜ በመርፌ ተወግተው ምንም ያልተገኘባቸው ሰዎች ይደገሙ ወይስ ይቅሩ ለማለት።

"ይሁን" አለ ፎካሪው። "ይህ ሃይላንድ ታዲያ አይሆንም?"

"ዘመድህ ይህን የቀዳው ከየትኛው ነው?"

"እንዴት ከየትኛው?"

"ከመጀመሪያው ነው፣ ከመካከሉ ነው፣ ከመጨረሻው?"

ኮራ አለ። "ከመካከሉ! ነርሷ እንደምትለው፣ የመጀመሪያውን ደፍቶ።"

እዚህ ላይ አዘንሁለት። ለኩላሊትና ለፊኛ ቁስለት የመካከሉ ይፈለጋል፤ ለፕሮስቴት ግን ቁም ነገሩ ያለው መጀመሪያ በሚወርደው ውስጥ ነው፤ ቧንቧውን አጥቦ የሚወጣው እሱ ነውና። ፎካሪው አጥር ሥር የደፋት ያቺ የመጀመሪያዋ እፍኝ ናት ባለ ታሪኳ።

"መልካም፣ ነገ የመጀመሪያውን ይቀዳል።"

"አንድ ነገር ቀርቷል" አልሁት። "ለፒሲኤ3 ሽንቱ ከመቀዳቱ በፊት ሐኪሙ ዕጢዋን ጫን ጫን ማድረግ አለበት፤ ሕዋሳቱ ወደ ቧንቧው እንዲወርዱ።"

"በምን ነው የሚጫናት?"

አልመለስሁም። እሱም ጥያቄውን አልደገመም። ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ ተስፋ ግን እንደዚያ ምሽት ፊት ላይ እንዳለች ስትሞት አይቼ አላውቅም። ሃይላንዱን አንሥቶ ከጋቢው ሥር መለሰው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ "ታዲያ ምኑን ቀረ?" አለኝ። "መጀመሪያም ጣት፣ መጨረሻም ጣት!"

በኋላ የመጡ ጣት የማይጠይቁ ምርመራዎች መኖራቸውን ልነግረው ተከትዬው ወጥቼ ነበር። በሽንት ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ ሕዋሳት ጭነው የሚልኳቸው እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ እነሱን ከፍቶ መልእክቱን የሚያነብ ምርመራ የመጀመሪያውን ሽንት ብቻ ይፈልጋል፣ ሐኪሙ እጁን ኪሱ ውስጥ ቢከት ግድ የለውም። ዋጋው ግን በዶላር የሚቆጠር ነው፤ ሥራውም የባሕር ማዶ ላቦራቶሪ ነው። ሽንቱ በአውሮፕላን ተጭኖ ባሕር ማዶ ተመርምሮ ውጤቱ የተመለሰለት ኢትዮጵያዊ ቢኖር አትሌት ነው፤ ያንንም የጫኑት ካንሰር ሊፈልጉለት አይደለም።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ ይህን ለፎካሪው አልነገርሁትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብዙ የፕሮስቴት ካንሰሮች ውስጥ ሁለት ራቅ ብለው የሚኖሩ ዘረመሎች ተቆርጠው እንደተጋጠሙ አገኙ። ይህም መጋጠም በሽንት ውስጥ ይታያልና የምርመራ መለያ ሆነ። በአውሮፓ ዘር ወንዶች ካንሰር ግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል፤ በአፍሪካ ዘር ወንዶች ላይ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። እነዚህ ምርመራዎች የተለኩት በአብዛኛው በነጮች ሽንት ነው። በሰው ቁመት የተሰፋ ካፖርት መሆኑ ነው፤ ነገ ርካሽ ሆኖ አይከል ቢደርስ እንኳ እጅጌው ለእኛ ልክ መሆኑን አስቀድሞ የሚለካልን ሰው ያስፈልጋል።

ካንሰርን ከሽንት አሽትቶ የሚለየው ውሻ ወሬ እንዴት ጠላ ቤት እንደደረሰ አላውቅም፤ ደርሶ ግን ነበር። ነገሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፓሪስ ውስጥ አንድ የቤልጂየም እረኛ ውሻ የ66 ወንዶችን ሽንት እንዲያሸት ሠለጠነ። ግማሾቹ ካንሰር የተገኘባቸው፣ ግማሾቹ ያልተገኘባቸው ናቸው። ከ33ቱ ሕሙማን 30ውን በአፍንጫው ለየ። ተሳሳተ ከተባለባቸው ጤነኞች መካከል አንዱ እንደገና በመርፌ ቢመረመር ካንሰር ተገኘበት፤ ሐኪሞቹ ነበሩ የተሳሳቱት። ጣሊያኖች ደግሞ ፈንጂ ማሽተት የሠለጠኑ ሁለት ውሾችን ከ900 በላይ ሰዎች ሽንት ላይ አሰማርተው ስሕተታቸው ከመቶ በጣት የሚቆጠር ሆኖ አገኙት። ይህን የሰማ የሰፈራችን ሰው ሁሉ አጥሩ ጥግ የሚተኛውን ውሻውን በአዲስ ዓይን ማየት ጀመረ። ፎካሪው ማታ ሲወጣ ውሻውን በድንጋይ እንደሚያባርር አይቻለሁ፤ ቀድሞ እንዲህ አያደርገውም ነበር። ሐኪም ያላየውን ውሻ እንዳያይበት ነው።

ሦስተኛው ጠያቂ ያ "ጣትስ?" ያሉት ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም ለዘመዳቸው ነው። ይቀመጡ ብዬ ወንበር ሳቀርብላቸው ቀስ ብለው፣ በጎን በኩል ተቀመጡ። እሳቸው የፈሩት ጣት ብቻ አልነበረም። "ልጄ፣ ጃንሆይም እኮ በዚሁ ነው የሄዱት" አሉኝ።

ይህን አባባል ንቄ ማለፍ አልቻልሁም። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማረፋቸውን ሲያስታውቅ፣ ከሁለት ወር በፊት ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያይዞ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ ትልልቆቹ ሬዲዮኑን ከበው ተቀምጠው ያንን የፈረንጅ ቃል እርስ በርስ ሲጠያየቁ ትዝ ይለኛል። ለስንቱ የኢትዮጵያ አባወራ ፕሮስቴት የምትባለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮው የገባችው ከንጉሠ ነገሥት ሞት ጋር ተጣብቃ ነው። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ምክንያቱን አልተቀበሉትም፤ ከዓመታት በኋላ በደርግ ባለ ሥልጣናት ላይ የተመሠረተው ክስ ንጉሡ ታፍነው ነው የሞቱት አለ። አፅማቸውም በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። ስለዚህ ፕሮስቴት በዚያ ጉዳይ ላይ ያለ ጥፋቷ የተከሰሰች ናት፤ እንደ ኩላሊት። ይህን ለሽማግሌው ዘርዝሬ ነገርኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ "ቢሆንም ሬዲዮ ነው የተናገረው" አሉ።

ለነገሩ እኛ እንዲህ ዓይን አፋር ሕዝብ ነበርን? ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። መኳንንቱም፣ ገበሬውም። ኮሶ የጠጣ ዕለት ሰው ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም፤ በር ላይ ያለው አሽከር ለመጣው ሁሉ "ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል" ይለዋል፣ እንግዳውም ነገሩ ገብቶት በአክብሮት ይመለሳል። ጌትየው ያን ቀን ጓሮ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱና ትሉ ከነራሱ መውጣት አለመውጣቱ ለወዳጅ ዘመድ የሚነገር ወግ ነበር። የሆዳቸውን ጉዳይ በር ላይ የሚያስለፍፉ ሰዎች የልጅ ልጆች፣ የፊኛቸውን ጉዳይ ለሚስታቸው እንኳ አይናገሩም።

ሚስት ደግሞ ስላልተነገራት አታውቅም ብሎ የሚያስብ ሞኝ ነው። የነጋዴው ባለቤት አንድ ቀን ገበያ ላይ አገኘችኝና ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ "መምህር፣ ይኸ ሰውዬ ሌሊት ስድስት ጊዜ ይነሳል። የት ይታይ?" አለችኝ። ዘመድ የለ፣ መተማ የለ፣ በረካ መጠበቅ የለ። ሴቶች በዚህ ነገር ከእኛ ቀድመዋል። ለእርግዝና ሽንታቸውን በኩባያ ይዘው ላቦራቶሪ ደጃፍ ከተሰለፉ ስንት ዘመን፤ አሁንማ ከፋርማሲ በገዙት እንጨት መሰል ነገር ቤታቸው ተቀምጠው ይለያሉ። የጥንት ግብፃውያን ሴቶችም ሽንታቸውን ገብስና ስንዴ ላይ አፍስሰው ከበቀለ ፀንሰናል ይሉ ነበር አሉ። ገብሱን እነሱ ለምርመራ ሲያውሉት እኛ ቀቅለን ጠጣነው።

መስከረም ሲጠባ ጎንደር ሄድሁ። የሄድሁት ለጡረታ ጉዳይ ነው። ሚኒባሱ አዘዞ ሳይደርስ ሾፌሩን ሁለት ጊዜ አስቁሜዋለሁ፤ መንገዱ ስለሚንጥ ነው። የጡረታው ጉዳይ ቶሎ ስላለቀልኝ እግረ መንገዴን አንድ ሆስፒታል ገባ ብዬ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ያለበትን ክፍል ጠየቅሁ። ለማወቅ ያህል ነው።

ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ጫፉ ላይ ነጋዴው፣ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ። ከእሱ አንድ ሰው ዘልሎ ፎካሪው፣ ባዶ ሃይላንድ ይዞ። ከግድግዳው በኩል ሽማግሌው፣ በጎን ተቀምጠው። አራታችንም በአንድ ጊዜ ተያየን።

"እንዴ መምህር! ምነው በደኅና?" አለ ነጋዴው።

"ደኅና ነኝ። አንድ ዘመዴን ላስታምም መጥቼ ነው።"

"እኛም ያው።"

"ዘመዶቻችሁስ የት አሉ?"

"ይመጣሉ" አሉ ሽማግሌው።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስለ ሰሊጥ ዋጋ አወራን። ነርሷ ካርድ በእጇ ይዛ ወጣችና የአንዳችንን ስም ጠራች፤ ማንም አቤት አላለም። ደግማ ጠራች። ከዚያ "እናንተ የአይከሎቹ፣ አስታማሚዎች ናችሁ አይደል? ታማሚዎቻችሁን ጥሩልኝ" አለች። ሁላችንም መግቢያውን በር አየን፣ አሁን ብቅ ይላሉ እንደሚባል።

በመጨረሻ ነጋዴው ተነሳ። ወደ ሐኪሙ ክፍል የሚገባ መስሎኝ ኮራሁበት። አልፎት ሄደ። ወደ ሽንት ቤቱ ነው። ጥቂት ቆይቶ ፎካሪው ተነሳ፤ ቀጥሎ ሽማግሌው። እኔም ብቻዬን ምን እሠራለሁ ብዬ ከኋላቸው ተሰለፍሁ። ወረፋው ቶሎ አይሄድም ነበር።